የአባቶችን ጥበብ ለእንግዳ መስጠት ይገባልን?

አንድ ሰው ከአባቶቹ በአደራ የተቀበለው ጥበብ ቢኖረው፥ ልጆቹም ሊማሩት ባይፈቅዱ፥ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ግን አስተምረኝ ብሎ ቢለምነው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? አባቶቹ ለወገን እንጂ ለባዕድ አትግለጥ ብለው አዝዘውታል። ቢሰጥ ትእዛዝ ያፈርሳል፤ ቢከለክል ጥበቡ ከእርሱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። ይህ ለክርክር ብቻ የታሰበ ምሳሌ አይደለም፤ ሰላማዊ በሚባለው ውቅያኖስ ውስጥ ሳታዋል በምትባል ትንሽ ደሴት የተወለደው ማው ፒያይሉግ በእውነት የገጠመው ፈተና ነው።

ማው የተወለደው በ1932 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ለባሕር መሪነት መርጦት፥ የውኃውን አካሄድ በሰውነቱ እንዲያውቅ በባሕሩ ዳር ኵሬ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ጥበቡም ያለ ኮምፓስና ያለ ካርታ በከዋክብት እየተመሩ ባሕር መሻገር ነው። እያንዳንዱ ኮከብ በአድማስ ላይ የሚወጣበትና የሚገባበት ቦታ በሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል አይለወጥምና፥ መሪው ወደየደሴቱ የሚያደርሱትን ከዋክብት በቃሉ ያጠናል። ኮከብ መንገድ የሚያሳየው ለአድማስ ቀርቦ ሳለ ነው፤ ከፍ ባለ ጊዜ በዚያው ቦታ የሚወጣ ሌላ ይተካዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ሌሊቱን ያነጉታል። ደመና ሰማዩን ሲጋርደው መሪው የታንኳይቱን ጐን የሚመታውን ማዕበል አመጣጥ ይከተላል። ወደ ማታም ዓሣ ለቅመው ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱ አዕዋፍ ከዐይን የተሰወረው ምድር ወዴት እንዳለ ያመለክቱታል። በመጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን ስድስት መውጫ ኆኅት የተማሩ የኢትዮጵያ ሊቃውንት፥ አድማስን በበር በበር ከፍሎ ሰማይን ማንበብ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም።

በሃዋይ ደሴቶች ግን ይህ ጥበብ ከጠፋ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች የዚያ ባሕር ሰዎች ወደ ደሴቶቻቸው የደረሱት ነፋስ ገፍቶአቸው በድንገት ነው እንጂ ዐውቀው አይደለም ይሉ ነበር። ሃዋያውያን ይህን ነገር ለመፈተን ሁለት ታንኳ ጐን ለጐን ያጋጠመ የሸራ መርከብ ሠርተው ሆኩሌአ ብለው ሰየሙት፤ የሚመራው ሰው ግን ከመካከላቸው ስላልተገኘ ማውን ለመኑት። እርሱም በገዛ አገሩ ወጣቶቹ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሞተር ጀልባ ሲያዘነብሉ አይቶ ነበር፤ የመሪዎች መሾሚያ ሥርዓትም ከጥንቱ እምነት ጋራ የተያያዘ ስለ ነበረ፥ ክርስትና በደሴቲቱ ከተስፋፋ በኋላ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ እሺ አለ። በ1976 ዓ.ም. ሜይ 1 ቀን ተነሥተው ጁን 4 ቀን ታሂቲ ገቡ። መንገዱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ማውም ከዚያ በፊት ሄዶበት አያውቅም።

ወገኖቹ ነቀፉት። ነቀፋቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው ጕዞ መርከበኞቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ማው እጅግ አዝኖ ነበርና። ታሂቲ እንደ ደረሱ ትቶአቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1978 ዓ.ም. ሆኩሌአ ያለ እርሱ በወጣ ጊዜ በማዕበል ተገለበጠ፤ ከመርከበኞቹም አንዱ ርዳታ ሊጠራ ሄዶ በዚያው ጠፋ። ከዚህ ኀዘን በኋላ ናይኖአ ቶምፕሰን የሚባል ወጣት ወደ ማው ሄዶ አስተምረኝ ብሎ ለመነው፤ እርሱም መጥቶ አስተማረው። አንድ ቀን ከባሕሩ በላይ ባለ ገደል ላይ አቁሞ ታሂቲ ወዴት እንደ ሆነች ጠየቀው፤ ልጁም በእጁ አመለከተ። ደሴቲቱን ታያታለህን? ቢለው፥ በዐይኔ አላያትም፥ በልቡናዬ ግን መልኳ አለ ሲል መለሰ። ማውም ያን መልክ ከልቡናው ያጣ እንደ ሆነ እንደሚጠፋ አስጠነቀቀው። በ1980 ዓ.ም. ናይኖአ መርከቡን ወደ ታሂቲ መርቶ በደኅና ተመለሰ።

ማውን የሚያመሰግኑ ሰዎች መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ በምሳሌ ያመጡ ይሆናል። ምሳሌው ግን ፈጽሞ አይገጥምም፤ በወንጌሉ ጌታው መክሊቱ እንዲያተርፍ ፈልጎ ነበር፥ የማው አባቶች ግን ያዘዙት ዝምታን ነው። ስለዚህ የትእዛዙን ምክንያት መመርመር ይሻላል። አባቶች ጥበቡን የሸሸጉት እንዲከበርና እንዲኖር ነው፤ ዝምታው ራሱ ጥበቡን የሚገድለው ከሆነ፥ ቃላቸውን የጠበቀ ሰው አሳባቸውን አፈረሰ። ይህ አነጋገር አደገኛ መሆኑ አይካድም፤ የአባቱን ቅርስ ለገንዘብ የሚሸጥም ይህንኑ ሊል ይችላልና። የሚለያቸው ከተማሪው የሚፈለገው ነገር ነው። ማው ከናይኖአ የፈለገው ብዙ ሌሊት፥ ብዙ ዝምታና ታዛዥነት ነበር፤ ይህም አያቱ ከእርሱ የፈለገው ነው።

በ2007 ዓ.ም. በሳታዋል የመሾሚያው ሥርዓት ሲደረግ አምስት ሃዋያውያን ተሾሙ፤ የማው የገዛ ልጅም ከተሾሙት አንዱ ነበረ። ሃዋያውያኑ ለመምህራቸው ሠርተው ያበረከቱት መርከብ አሊንጋኖ ማይሱ ይባላል። ማይሱ ማለት በዚያ አገር ለሕዝቡ እንጀራ ከሆነው ዛፍ ዐውሎ ነፋስ ያረገፈው ፍሬ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍሬ ማንም አላፊ ቢያነሣው አይከሰስም። የሚነቅፉት ሰዎች ግን ይህን ፍሬ ነፋስ አልጣለውም፥ ማው በእጁ ቀጠፈው ይሉ ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ግን ማው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ዛፉን ለብዙ ዓመት ያወዛወዘው ነፋስ ከወዴት እንደ መጣ ሊናገር ይገባዋል።