መፍትሔውን ሳይሰጡ ማስተማር

መምህር መፍትሔውን ካሳየ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ያበቃል፤ ካላሳየ ደግሞ አስተማረ ለማለት ያስቸግራል። የሒሳብ ጥያቄ አፈታትን የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ኮርስ የቆመው በዚህ አጣብቂኝ ላይ ነው። ኮርሱ ይከለስ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የምንከራከረው የትኛው ምዕራፍ ይጨመር፣ የትኛው ይቀነስ በሚለው ነው። አጣብቂኙ ሳይነካ ያልፋል።

አንድ ጥያቄ እንመልከት። 64 ቤት ካለው የቼዝ ሰሌዳ በሰያፍ የሚተያዩት ሁለት የማዕዘን ቤቶች ተቆርጠው ይውጡ። እያንዳንዱ ዶሚኖ ሁለት ጎረቤት ቤቶችን የሚሸፍን ከሆነ፣ የቀሩትን 62 ቤቶች በ31 ዶሚኖ መሸፈን ይቻላል? ቁጥሩ ስለሚገጥም ተማሪው መደርደር ይጀምራል። ደጋግሞ ቢሞክርም ሁልጊዜ የሚተርፍ ቤት አለ። ቆይቶ፣ 30 ዶሚኖ ደርድሮ የተረፉት ሁለት ቤቶች ቀለማቸው አንድ መሆኑን ልብ ይላል። የተቆረጡት ማዕዘኖች ሁለቱም ነጭ ከነበሩ የቀሩት 30 ነጭና 32 ጥቁር ቤቶች ናቸው፤ አንድ ዶሚኖ ግን ምንጊዜም የሚሸፍነው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ነው። ስለዚህ አይቻልም።

ይህን ማረጋገጫ መምህሩ በሁለት ደቂቃ ጽፎ ሊጨርሰው ይችላል። ተማሪውም የቀለምን ዘዴ ይማራል። ጥያቄው ግን ስለ ቀለም አንዳች አላነሳም፤ ያልተጠየቀውን እንዲያይ ያደረገው የከሸፈው ድርደራ ነበር። መምህሩ ያሳጠረለት ይህንኑ ነው።

ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ አራት እርምጃዎችን አስቀምጧል፦ ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር። ምክሩ እውነት ነው፤ በቃል ቢያዝ ግን ማንንም ፈቺ አያደርግም። በበርክሌይ ያስተማረው አላን ሾንፌልድ ተማሪዎች ጥያቄ ሲፈቱ በቪዲዮ እየቀረጸ ሲመረምር፣ ብዙዎቹ ጥያቄውን እንዳነበቡ አንድ መንገድ ይዘው እንደሚነጉዱና መንገዱ ያዋጣ እንደሆነ ቆም ብለው እንደማይጠይቁ አየ። የሚያስፈልገውን እውቀት ይዘው እንኳ ይህ ይደርስባቸው ነበር። ስለዚህ በራሱ ክፍል፣ ተማሪዎቹ በቡድን ሲሠሩ እየዞረ ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሠሩትና እንዴት እንደሚጠቅማቸው ይጠይቃቸው ጀመር። መጀመሪያ መልስ ያጡ ነበር፤ እያደር ግን ራሳቸውን መጠየቅ ለመዱ።

አጣብቂኙ የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነዚህ ጥያቄዎች መፍትሔውን አይነኩም፤ የሚያስተምሩት መቼ መጽናት፣ መቼ መተው እንደሚገባ መለየትን ነው። ይህ ማስተዋል ደግሞ የሚበቅለው መልሱ ገና ባልታወቀበት ሰዓት ብቻ ነው። ተማሪውን ብቻውን እንዲንገላታ ትቶ መሄድ ማስተማር አይደለም፤ ቀድሞለት መድረስም እንዲሁ።

እንግዲህ ክለሳው ከሁሉ በፊት ጊዜ ማስለቀቅ አለበት። ሃያ ጥያቄ በጥድፊያ ከሚሸፈን አምስት ጥያቄ በወጉ ቢታሰብበት ይሻላል። ይዘቱ ይሳሳል የሚል ስጋት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የዚህ ኮርስ ይዘት ማሰቡ ራሱ ነው። ፈተናውም አብሮ መለወጥ አለበት፦ ተማሪው የተወውን መንገድ ለምን እንደተወው በግልጽ ከጻፈ ማርክ ይገባዋል። ኮርሱ የምር የሚያከብረው ምን እንደሆነ ተማሪ የሚረዳው ከኮርሱ መግለጫ ሳይሆን ከማርክ አሰጣጡ ነውና።