እግር ያጠበው ጌታ
ስለ ትሕትናና ስለ አገልግሎት ለክርስቲያኖች የተሰጠ ምክር



ሰው ሁሉ ክብርን ይወዳል። ሕፃን ልጅ በእናቱ ፊት ከወንድሙ ይልቅ ሊመሰገን ይፈልጋል፤ ተማሪ በጓደኞቹ መካከል ፊተኛ ሊባል ይመኛል፤ ሹምም በማዕድ ከሌላው በላይ ሊቀመጥ ይወዳል። ይህ ምኞት ከቤተ መንግሥት ጀምሮ እስከ ጎጆ ድረስ ይገኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ውጭ የሚቀር አይደለም። ስለዚህ ክርስቲያን የሆነ ሰው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። የምፈልገው ክብር ከወዴት የሚገኝ ነው? ሌላውን ዝቅ በማድረግ ነውን? ወይስ ለሌላው ዝቅ በማለት? ጌታችን ሁለተኛውን መንገድ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጁም አስተምሮናል።

ጌታ ሊሞት በቀረበበት ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ ተቀምጦ ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 22 እንደሚነግረን፥ በዚያችው ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ከመካከላቸው ታላቁ ማን እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር። በዚያ አገር ሰው በአቧራ መንገድ በነጠላ ጫማ ስለሚሄድ፥ ወደ ቤት ሲገባ እግሩን መታጠብ ልማድ ነበረ፤ ማጠቡም የአገልጋይ ሥራ ነበረ። ነገር ግን ስለ ታላቅነት ከሚከራከሩት ከእነዚያ ሰዎች አንድ ስንኳ ውኃ ሊያመጣ እንደ ተነሣ አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዮሐንስ በወንጌሉ በምዕራፍ 13 ይነግረናል። ጌታ ራሱ ከማዕድ ተነሣ፤ የላይ ልብሱን አውልቆ እንደ ቤት አገልጋይ ፎጣ አሸረጠ፤ ውኃም ቀድቶ የእያንዳንዳቸውን እግር እያጠበ ባሸረጠው ፎጣ ያብስ ጀመር። ጴጥሮስ ግን ታላቁ ለታናሹ ሲያጎነብስ ማየት ከብዶት እምቢ አለ። ጌታም ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል ፈንታ እንደሌለው በነገረው ጊዜ እሺ አለ። እንግዲህ አገልግሎትን መቀበልም ትሕትናን ይጠይቃል፤ ሰው ሲረዳን እንደ ውርደት የምንቈጥር፥ ይህ ትዕቢት መሆኑን አላወቅንምና።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፥ ጌታ ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ወንጌላዊው ስለ እግሩ መታጠብ ከመናገሩ አስቀድሞ፥ ጌታ ከአብ ዘንድ እንደ መጣ፥ ወደ አብም እንደሚሄድ፥ ሁሉም በእጁ እንደ ተሰጠው አውቆ እንደ ነበረ ጽፎልናል። ያጎነበሰው ታናሽ ስለ ሆነ አይደለም፤ ታላቅነቱን የሚወስድበት እንደሌለ ስላወቀ ነው። ክብሩን ከሰው የተቀበለ፥ ሰው መልሶ እንዳይወስድበት ይፈራል፤ ስለዚህም ዕቃ ተሸክሞ እንዳይታይ በጓሮ ይዞራል፥ መጥረጊያ ከመያዝ አቧራ ላይ መቀመጥን ይመርጣል። ክብሩን ከእግዚአብሔር የተቀበለ ግን ውኃ ቢቀዳ፥ ደጅ ቢጠርግ፥ የበሽተኛውን ልብስ ቢያጥብ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛ፥ ጌታ የሚያጥበውን እግር አልመረጠም። ይሁዳ በማዕዱ ነበረ። ያ እግር ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጨለማ ወደ ጠላቶቹ የሚሄድ እንደ ሆነ ጌታ እያወቀ አጠበው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናገለግለው ውለታችንን የሚመልስልንን ሰው ነው፤ ይህ ንግድ እንጂ አገልግሎት አይደለም።

ሦስተኛ፥ ጌታ ከጨረሰ በኋላ፥ መልሳችሁ የእኔን እግር እጠቡ አላላቸውም። እርስ በርሳቸው እንዲተጣጠቡ አዘዛቸው። ለእርሱ ያለብንን ዕዳ የምንከፍለው በአጠገባችን ለተቀመጠው ሰው ነው ማለት ነው። ጌታን እወዳለሁ እያለ ባልንጀራውን ማገልገል የሚጸየፍ ሰው፥ ዕዳውን በማይገኝበት ስፍራ ሊከፍል ይፈልጋል።

ይህ ነገር በአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ከሩቅ መንገድ የመጣውን እንግዳ እግሩን በሙቅ ውኃ እያጠቡ ይቀበሉት ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሥርዓቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሥርዓት እንደ ደወል ነው፤ ደወል ይጠራል እንጂ ስለ እኛ አይሄድም። ደወሉን ሰምቶ በቤቱ የተቀመጠ ሰው፥ ድምፁ ደስ አሰኝቶኛል ቢል ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ደግሞ ደወሉን ሰምቶ ስለ ሄደ ሰው እንናገር። አባ ጳኩሚስ በላይኛው ግብጽ ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ ነው። የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ312 ዓመት ግድም፥ ለሮማ ጦር በግድ ተይዞ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በመርከብ በዓባይ ወንዝ ተወሰደ። ዛሬ ሉቅሶር በምትባለው በቴብስ ከተማም እንዳይጠፉ በወህኒ ቤት ተዘጋባቸው። በመሸ ጊዜ የከተማው ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ፥ ያዘኑትንም ወጣቶች መገቡአቸው። ጳኩሚስም እነዚህ ሰዎች ሳያውቁን ስለ ምን ይራሩልናል ብሎ ጠየቀ። ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ፥ ስለ ሰማይ አምላክም ብለው ለሰው ሁሉ በጎ እንደሚያደርጉ ነገሩት። በዚያች ሌሊት ጳኩሚስ ገና ወደማያውቀው አምላክ ጸለየ፤ ከዚህ መከራ ቢያወጣው በዕድሜው ሁሉ ሰዎችን እንደሚያገለግል ተሳለ።

ልብ በሉ፤ ያን ወጣት ወደ ክርስቶስ የሳበው ስብከት አልነበረም፥ ክርክርም አልነበረም። በማያውቃቸው ሰዎች እጅ የመጣ እራት ነበረ። የእነዚያ ሰዎች ስም አልተጻፈም። ከመካከላቸው አንዱ፥ ዛሬ ደክሞኛል፥ ነገ ለሚሄድ ወታደር ስለ ምን እደክማለሁ ብሎ ቢቀር ኖሮ ማንም ባልወቀሰው ነበር። ነገር ግን አልቀሩም፤ እግዚአብሔርም ከእነርሱ እራት የብዙ ሺህ መነኮሳትን አባት አስነሣ።

ጳኩሚስ ከጦሩ በተለቀቀ ጊዜ ተጠመቀ፤ ስእለቱንም አልረሳም። በተቀመጠበት መንደር ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ለበሽተኞቹ እንጨት እየለቀመ ያመጣላቸው ነበር። ኋላም ጣቤንሲ በምትባል ስፍራ የመነኮሳትን ማኅበር አቆመ። የመጀመሪያዎቹ ወንድሞች በመጡ ጊዜ አለቃ ሆኖ አልተቀመጠም፤ ራሱ ማዕድ ያቀርብላቸው፥ አትክልት ይተክልላቸው፥ ደጅ ይከፍት፥ የታመመውንም ያስታምም ነበር። የማኅበሩ ሥርዓት ከጊዜ በኋላ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በአገራችን መነኮሳት ዘንድ ታወቀ።

አንድ ቀን አባ ጳኩሚስ ተቀምጦ ምንጣፍ ሲሠራ አንድ ልጅ አየውና፥ አሠራሩ ልክ እንዳልሆነ፥ ደቀ መዝሙሩ ቴዎድሮስ በሌላ አኳኋን እንዳስተማራቸው ነገረው። አባ ጳኩሚስ አልተቈጣም። ተነሥቶ እንዲያሳየው ልጁን ለመነው፤ ከተማረም በኋላ ደስ እያለው ወደ ሥራው ተመለሰ። እናንተ አስተማሪዎች፥ ወላጆችና አለቆች ሆይ፥ ከታናሻችን እርማትን ተቀብለን ደስ ያለን መቼ ነው?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ346 ዓመት ግድም ወረርሽኝ በገዳማቱ ወደቀ፤ ብዙ መነኮሳት ሞቱ፥ አባ ጳኩሚስም ታመመ። ሰውነቱ ደክሞ የለበሰው ልብስ ስለ ከበደው፥ ያረጀና ቀለል ያለ እንዲያመጡለት ለመነ። ቴዎድሮስ ግን ስለ ወደደው መልካሙን መርጦ አመጣለት። አባ ጳኩሚስም ልዩነቱን ባየ ጊዜ፥ ከታመሙት ወንድሞቹ ተለይቶ ሊመቸው እንደማይገባ ተናግሮ መለሰው። በሞት አልጋው ላይ ሆኖ እንኳ ከማኅበሩ ከፍ ማለትን አልወደደም።

በአገራችን ሠራተኛን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ሰው ይሰድቡአቸው ነበር፤ የሚሰድበውም በእነርሱ ማረሻ እያረሰ፥ በእነርሱ ሸማ እያጌጠ፥ በእነርሱ ድስት የተሠራውን ወጥ እየበላ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዘዙ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ እንደ ሆነም አሳሰቡ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ በከተማ ይኖራል። ዛሬ የሚናቀው ጎዳና የሚጠርገው፥ ጥራጊ የሚያነሣው፥ ሸክም የሚሸከመው፥ በሰው ቤት የምታገለግለው ናት። ጌታችን ግን አናጢ ይባል ነበር፤ ጳውሎስም ድንኳን በመስፋት እጁን ያደክም ነበር።

የሌላውን በደል ብቻ ስናገር እንዳልገኝ የራሴንም ልናዘዝ። አንድ ቀን ወደ ጸሎት ጉባኤ ስሄድ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ቆመው አገኘሁ። ልጄ፥ ምን እንደሚል አንብብልኝ አሉኝ። እኔም ሰዓቱ ደርሶብኝ ነበርና፥ ይቅርታ አባቴ፥ ቸኩያለሁ ብዬ አለፍሁ። በጉባኤው የተነበበው ይኸው የዮሐንስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ ነበረ። ሲነበብ ጆሮዬ የሚሰማው ግን የሽማግሌውን ድምፅ ነበር። በማግሥቱ ወደ ደጃፉ ተመለስሁ፤ አላገኘኋቸውም። ወረቀቱ የፍርድ ቀጠሮ ይሁን፥ የልጃቸው ደብዳቤ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን ፊደል ለማስቈጠር ሌሎች ብዙ ዓመት ደከሙ፤ እኔ ግን ለአንድ አባት ጥቂት ደቂቃ ነፈግሁ። ጌታ ያን ቀን የሚጠብቀኝ በጉባኤው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በመንገድም ላይ ቆሞ ነበር።

እንግዲህ ከሦስት ስሕተት እንጠበቅ። የመጀመሪያው ከአንገት በላይ የሆነ ትሕትና ነው። እኔ ኃጢአተኛ፥ እኔ ታናሽ እያለ የሚናገር፥ ሌላው ሰው ግን እውነትህን ነው ቢለው የሚቈጣ፥ ትሑት አይደለም። ትሕትና ራስን መስደብ አይደለም፤ ራስን ረስቶ ባልንጀራን ማሰብ ነው።

ሁለተኛው፥ ይህን ቃል ለድሃው ብቻ መስበክ ነው። ከንጋት እስከ ሌሊት የምታገለግለውን የቤት ሠራተኛ፥ ትሕትናን ተማሪ ማለት አይገባም፤ እርስዋ ሸክሙን ቀድሞ ተሸክማለች። ደመወዝዋን እየከለከለ ስለ አገልግሎት የሚናገር ሰው፥ በጌታ ቃል ግፉን ይሸፍናል። በዚያች ሌሊት ያጎነበሰው ጌታው ነበር። ስለዚህ ቃሉ አስቀድሞ የሚናገረው ለተቀመጥነው ነው፤ ተነሡ ይለናል።

ሦስተኛው፥ በአገልግሎታችን ድኅነትን የምንገዛ መምሰል ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያጠበው እርስ በርሳቸው እንዲተጣጠቡ ከማዘዙ በፊት ነው፤ እኛም አስቀድመን በጸጋው ታጥበናል። ዛፍ ፍሬ የሚያፈራው ሕያው ለመሆን አይደለም፤ ሕያው ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ፍሬ የሌለበትን ዛፍ ሕያው ነው ብሎ የሚያምን ገበሬ ማን ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንተ ተማሪ ሆይ፥ ትምህርትህ ከእናትህ እንስራ እንዲያሳፍርህ አትፍቀድ፤ ወደ ቤት በተመለስህ ጊዜ ሸክምዋን ተቀበላት፤ ያወቅኸውንም ወደ ኋላ ለቀረው ጓደኛህ አስረዳው። በመሥሪያ ቤት የምትሠራ ሆይ፥ ባለጉዳዩ ከሩቅ ገጠር እንደ መጣ አስብ፤ ዛሬ የሚያልቀውን ጉዳይ ለነገ አታሳድርበት፥ ወንበርም ስጠው። እመቤት ሆይ፥ ሠራተኛሽ በታመመች ጊዜ ውኃውን አንቺ አቅርቢላት፤ ዕረፍትዋንና ደመወዝዋን በጊዜው ስጫት። ነጋዴ ሆይ፥ ሸክምህን የተሸከመልህን ሰው በስሙ ጥራው፥ ዋጋውንም ሳትከራከር ክፈለው። የጉባኤ ሽማግሌ ሆይ፥ ከስብሰባ በኋላ ወንበሩን የሚያነሣ ማን እንደ ሆነ ታውቃለህን? አንድ ቀን አብረኸው አንሣ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ማንም ባያመሰግናችሁ አትዘኑ፤ በቴብስ ወህኒ እራት ያቀረቡትን ሰዎች ስም የምናውቅ እኛ አይደለንም፥ እግዚአብሔር ግን ያውቃል።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና አንድ ጊዜ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በቤታችሁ፥ በደጃፋችሁ፥ በመንገዳችሁ አንድ ሰው ይጠብቃችኋል። ፎጣው ተቀምጧል፤ ውኃውም ተቀድቷል።

ጌታ ሆይ፥ አንተ ጌታ ስትሆን ለእኛ አጎነበስህ። የተዘረጋውን እጅ አይተን በችኰላ ያለፍንበትን ቀን ይቅር በለን። ከፍ ለማለት የምንመኘውን ልባችንን አጥበህ፥ ዝቅ ብለን ስናገለግል አንተን በዚያ እንድናገኝህ እርዳን። አሜን።