በር ከዘጋን በኋላ



«ድመት ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ሶሐባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ልትጠጣ ለመጣች ድመት ዕቃውን አዘንብለው አጠጥተዋታል። ድመት ነጃሳ አለመሆኗን፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት መሆኗንም ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ነግረውናል። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። የትኛዋን ድመት? በየትኛው ቤት?

ድመት አስራ እስክትሞት ስለያዘችው፣ በዚህም ሰበብ እሳት ስለገባችው ሴት የሚያወራውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አብዛኞቻችን ከሐዲሱ የምንይዘው አለማብላቷን ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሁለተኛ ክስ አለ፤ ድመቷ ራሷ ከምድር ነፍሳት ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። በሩ ባይዘጋ ኖሮ ድመቷ እንጀራዋን ራሷ ትፈልግ ነበር። በር ስንዘጋ እንስሳዋ በራሷ ታገኘው የነበረው ሁሉ እኛ ጫንቃ ላይ ያርፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ ነገሩ ምግብ ላይ ብቻ አይቆምም።

የአቢሲኒያ ድመት የምትባለውን እንውሰድ። (ስሟ የእኛ ቢሆንም ዘሯ የእኛ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለሱ ይዘዋት ሄዱ ይባላል፤ የዘረ መል ጥናቶች ግን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታሉ።) ፀጉሯ አጭር ነው፤ በሳምንት አንዴ ማበጠር ይበቃታል። ፎቶዋን አይቶ «ቀላል ናት» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ሥራው ያለው ግን ፀጉሯ ላይ ሳይሆን እግሯ ላይ ነው። ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች፣ መጋረጃ ላይ ትንጠለጠላለች፣ የምትሠሩትን ሁሉ እየተከተለች ታያለች። እቅፍ ውስጥ ተኝታ የምትውል አይደለችም፤ ብቻዋን መዋልም አይሆንላትም።

እንግዲህ ሪያድ ወይም ዱባይ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ አስቡት። ሳህኗ ሙሉ ነው፤ ውሃም አላት። ለ10 ሰዓታት ግን የምታየው ግድግዳ ነው። ይህ ከዚያች ሴት ሥራ ጋር እኩል ነው አልልም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ነገር ግን «አበላታለሁ እኮ» የሚለው መልስ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል።

ሌላው ግማሽ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ግድግዳ ላይ የምትወጣበት መደርደሪያ፣ ጠዋትና ማታ ገመድ ላይ ላባ አስሮ 15 ደቂቃ ማሯሯጥ፣ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ መስኮቱ ላይ ጠንካራ መረብ። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በሽሮ ፍትፍት አትኖርም፣ ወተትም የብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች ሆድ ይረብሻል። ይህ ዘር በውርስ የሚመጣ የዓይን መታወርና የደም ማነስ ስላለበት የወላጆቿን የዘረ መል ምርመራ ውጤት ሻጩን ጠይቁ። ስለ ሽያጩ ራሱ፣ የድመትን ዋጋ የሚከለክል ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ ስላለ ዑለማዎች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይረሳል። ድመት 12፣ 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ዛሬ 20 ዓመታችሁ ከሆነ በመሃል ትዳር አለ፣ የሥራ ለውጥ አለ። ስደት ላይ ላላችሁት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቅ አለ። ያን ቀን ማን ይቀበላታል? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ገንዘቡን አትላኩ። መስጂድ ግቢ ውስጥ የምትዞረው ድመት አለችላችሁ፤ አይጧን ራሷ ታድናለች፣ ከእናንተ የምትፈልገው በሙቀት ቀን አንድ ሳህን ውሃ ነው።