የመልስ ጨዋታ

«ገጠመ» የሚለው ግስ በአማርኛ ብዙ ቤት ያንኳኳል። መዝጊያ ከመቃኑ ጋር ይገጥማል፤ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፤ ባለቅኔው ስንኝ ይገጥማል፤ ሁለት ቡድኖችም ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። የስፖርት ጋዜጠኛው «ግጥሚያ» ሲል ማሸነፍንና መሸነፍን ያስባል እንጂ የአናጢውን ሥራ አያስብም። ቃሉ ግን አናጢውን አልረሳውም። እንጨት ከእንጨት የሚገጥመው አንዱ ጎድጎድ፣ ሌላው ወጣ ሲል ነው፤ ሁለቱም እኩል ቢወጡ መጋጠም የለም። ተጋጣሚም እንደዚሁ ጠላት ከመሆኑ በፊት፣ እርሱ ባይኖር ነገሩ ክፍት ሆኖ የሚቀር ሌላኛው ወገን ነው። እንግዲህ ተጋጣሚ የሌለው ቡድን፣ ቡድን ሊባል ይችላልን?

ጥያቄው ቃላት ማፍተልተል ሊመስል ይችላል። ናይሮቢ ውስጥ ግን ለዓመታት በእውነት የቆመ፣ እንዲያውም በበረዶ ላይ የተንሸራተተ ጥያቄ ነበር።

ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ በምትርቀው በዚህች ከተማ፣ በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው በሞምባሳ መንገድ ዳር፣ ፓናሪ ሆቴል ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ተከፈተ። ውጭ ማታቱ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ውስጥ ሰው በመኪና ኃይል በረጋ ውሃ ላይ ይንሸራተታል። በዚያ በረዶ ላይ ሆኪ መጫወት የጀመሩት በከተማዪቱ ይኖሩ የነበሩ ሰሜን አሜሪካውያን ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናይሮቢ ውስጥ የት እንደሚውሉ ለጊጊሪ ነዋሪ አይጠፋውም፤ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፣ የአሜሪካ ኤምባሲና የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽን እዚሁ ጊጊሪ ተጎራብተዋል። ናፍቆት ሰውን ከዚህ አስነሥቶ፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጭንቅንቅ ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ ሞምባሳ መንገድ የማድረስ ኃይል አለው። ደህና እንጀራ ፍለጋ ከተማ የሚያቋርጥ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ቀስ በቀስ ኬንያውያን ወጣቶች ተጨመሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ባለ ጎማ ጫማ አጥልቀው በአስፋልት ላይ መንሸራተት የለመዱ ነበሩ። ቡድኑ «አይስ ላየንስ» ተባለ፤ የበረዶ አንበሶች ማለት ነው። አማርኛ ከሰማይ ለሚወርደውም ከማቀዝቀዣ ለሚወጣውም በረዶ አንድ ስም ብቻ ስላለው ስሙ በትርጉም ጊዜ ትንሽ ይቸግራል፤ አንበሳው ግን አይቸግርም።

ጨዋታው ራሱ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ሆኪ ማለት በበረዶ ላይ የሚደረግ ገና ጨዋታ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ቆልማማው ዱላ አለ፤ በሩር ፈንታ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ድፍን ጎማ አለ፤ መገፋፋቱና መላተሙም አለ። በገና ሜዳ የተጫዋች ቁጥር የሚወስን የለም፤ በሆኪ ግን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ለስድስት ይሰለፋሉ፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ።

የሆኪ አገሮች ይህን ጨዋታ «የውድድር ዘመን» በሚባል ሰንሰለት አስረውታል። በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ በ2024–25 የውድድር ዘመን 32 ቡድኖች ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እያንዳንዳቸው 82 ጨዋታ አድርገዋል። ከዚያ በኋላ ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ የፈለገ ቡድን ሌላ 16 ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አንዱ መልስ ገንዘብ ነው፤ ትኬት ይሸጣል፣ ቴሌቪዥን ይከፍላል። ነገር ግን ነጋዴው ሳያስበው የጠበቀው አንድ የሞራል ሕግም እዚያ ውስጥ አለ። የውድድር ዘመን ማለት የአንድ ቀን ሽንፈት የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም የሚል ቃል ኪዳን ነው። ዛሬ በሰው ሜዳ የተሸነፈ ቡድን ከወራት በኋላ ያንኑ አሸናፊ በገዛ ሜዳው ይጠብቀዋል። የእግር ኳስ ወዳጆች የመልስ ጨዋታ የሚሉት ይህንን ነው።

ማኅበር የሚጠጣ ሰው ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዛሬ በባልንጀራው ቤት ጠላውን ጠጥቶ ዳቦውን የቆረሰ ማኅበርተኛ፣ ተራው ሲደርስ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጠላው ይቅጠን ይወፍር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ተራው መድረሱ ነው። ጽዋው ሳይደርሰው ዘወትር የሚጋበዝ ሰው ማኅበርተኛ አይባልም፤ እንግዳ ነው። እንግዳ ምንም ያህል ቢከበር፣ ምንም ያህል ከፍ ያለ ወንበር ቢሰጠው፣ በቤቱ ጉዳይ ድምፅ የለውም።

እስከ 2018 ድረስ የበረዶ አንበሶች የመልስ ጨዋታ ቀርቶ የመጀመሪያውም አልነበራቸውም። በአካባቢው የሚገጥማቸው ሌላ ቡድን ባለመኖሩ ለሁለት እየተከፈሉ እርስ በርሳቸው ይጫወቱ ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ መማር ይቻላል፤ ሆኖም አንድ ነገር አይገኝም። ባልንጀራ ወዴት እንደሚዞር ከመዞሩ በፊት ይታወቃል፤ ተንኮሉም ድካሙም የተለመደ ነው። እርሱን ማሸነፍ ስለ እርሱ ይናገራል እንጂ ስለ ጨዋታው ብዙ አይናገርም። ሰው የራሱን ልክ የሚያውቀው ልኩን በማያውቅለት ሰው ፊት ሲቆም ነው።

በዚያ ዓመት ቲም ሆርተንስ የተባለው የካናዳ ቡናና ዶናት ቤት (በ1964 ሲቋቋም ስሙን የሰጠው ቲም ሆርተን ራሱ የሆኪ ተጫዋች ነበር) ከቡድኑ 12 ተጫዋቾችን ወደ ቶሮንቶ ወሰደ። በሙሉ መጠን ሜዳ ላይ ከሌላ ቡድን ጋር የመጀመሪያቸውን ግጥሚያ አደረጉ። በዚያ ላይ ሲድኒ ክሮስቢና ናታን ማኪነን የኬንያን ማሊያ ለብሰው ከጎናቸው ተሰለፉ። ክሮስቢ በዚያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ስታንሊ ካፕ ያነሣ፣ በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ ፍጻሜ ካናዳን በተጨማሪ ሰዓት አሜሪካ ላይ ያገባት ጎል ባለወርቅ ያደረገ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ተቀርጾ የቡና ቤቱ ማስታወቂያ ሆነ፤ ብዙ ሰውም አየው፤ ብዙ ሰውም አለቀሰ።

የእነዚያን ወጣቶች ደስታ ማናናቅ ተገቢ አይደለም። በልጅነቱ ከአንድ ታላቅ ተጫዋች ጎን መሰለፍን ያልተመኘ ማን አለ? ማስታወቂያ መሆኑም ብቻውን ነገሩን አያረክሰውም፤ ስፖርትን ከነጋዴ ገንዘብ ለይቶ ማየት ከቀረ ቆይቷል። መመርመር ያለበት ሌላ ነው። ስጦታው ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ተጋጣሚንና አጋዥን። ሁለቱ አብረው ሲመጡ አጋዡ ተጋጣሚውን ይሸፍነዋል። ፊልሙን ያየ ሰው ክሮስቢንና ማኪነንን ያስታውሳል፤ የአንበሶቹንም ፈገግታ ያስታውሳል፤ በወዲያኛው ወገን የቆመው ቡድን ማን እንደነበር ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለዓመታት የተፈለገው ግን እርሱ ነበር። ደግሞስ ክሮስቢ ባለበት ወገን ድል ቢመጣ ድሉ የማን ነው? ሽንፈትስ ቢመጣ ማን ተሸነፈ ይባላል? አጋዥ ሲበዛ ሰው ማሸነፍን ብቻ ሳይሆን መሸነፍንም ይነጠቃል። መሸነፍ ደግሞ በቀላሉ የሚጣል ንብረት አይደለም፤ የመልስ ጨዋታ የሚጠየቀው በእርሱ ነውና።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አንድ ኬንያዊ ታሪክ አለ። በ1998 በጃፓን ናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ተወዳድሮ የመጨረሻ፣ 92ኛ ወጣ። ከአሸናፊው ከኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ በ20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር የገባው። ዴሊ በዚያ ቀን ስድስተኛ የኦሎምፒክ ወርቁን አግኝቷል፤ ይሁን እንጂ ወደ ሽልማቱ ሳይሄድ ቦይትን በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ሲደርስም አቀፈው። ቦይት በኋላ ለአንድ ልጁ ዴሊ የሚል ስም አውጥቷል። የቦይትንም ወጪ የሸፈነው ናይክ ስለ ነበር ልዩነቱ ከገንዘቡ አይመነጭም። ዴሊ ቦይትን ለመግፋት ወደ ኋላ አልተመለሰም። እስከ መስመሩ ድረስ ተጋጣሚው ሆኖ ቆየ፤ ያቀፈው ከመስመሩ ወዲህ ነው። ዘጠና ሁለተኛነቱን ለቦይት ሙሉ በሙሉ ተወለት።

ቦይት በ2006 ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ሲሰለፍ በዚያው ውድድር አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ በክረምት ኦሎምፒክ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለ ማርያም። ሮቤል ቀድሞት ገባ። ዓለም ሁለቱንም ከኋላ እንደ መጡ እንግዶች ሲያያቸው፣ እርስ በርሳቸው ግን እውነተኛ ተጋጣሚዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ክሮስቢ ከአንበሶቹ ጎን መሰለፉ ካልተወደደ በፊታቸው ይሰለፍ ኖሯል? ያማ ጨዋታ ሳይሆን እርድ ይሆን ነበር። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የገና ጨዋታ ልማድም ይህን ያውቀዋል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል፣ ጌታው ለአሽከሩ ይደግፈዋል ማለት አይደለም። አሽከሩ በወዲያኛው ወገን ሆኖ ሩሩን ሲነጥቀው፣ ዱላውም ቅልጥሙን ሲያገኘው ጌትነቱን አያነሣም ማለት ነው። ጌታው ለዚያች ቀን የሚሰጠው ራሱን ነው፤ የሚመታ ቅልጥም ያለው ተራ ሰው ሆኖ ይቆማል። ሆኖም ጌታውና አሽከሩ በጉልበት የሚቀራረቡ በመሆናቸው እንጂ ልማዱ ባልሠራ ነበር። ተጋጣሚ የሚሆነው እንግዲህ የቀረበ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት በ1996 አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ሲገናኙ የለያቸው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነበር፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት በድጋሚ ሲሮጡ ልዩነቱ ወደ 9 መቶኛ ሴኮንድ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ ኃይሌ አሸነፈ። ሆኖም ሲድኒ ያን ያህል የሚወሳው ቴርጋት የአትላንታውን ብድር ለመመለስ በመምጣቱና እጁ ሊደርስበት ጥቂት በመቅረቱ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ይህ ሩጫ እስካሁን ያከራክራል፤ የሚያከራክር ነገር ደግሞ ያቀራርባል።

በጊጊሪ ቢሮዎች የሚዘወተረው ቃል «አጋር» ነው። ሪፖርቱ፣ ስምምነቱ፣ የስብሰባው መክፈቻ ንግግር ሁሉ በአጋርነት ይጀምራል፣ በአጋርነትም ያበቃል። ቃሉ መልካም ነው፤ ግን አጋር ከተባሉት አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ሲቀር በቃሉ ውስጥ የተደበቀ እንግድነት አለ። «ባላጋራ» የሚለው ክፉ ስም ራሱ «ጋራ» የሚለውን ቃል በሆዱ ይዟል፤ ከሰው ጋራ አንድ የሚካፈሉት ነገር ያለው እንደ ማለት። የሚካፈሉት ሜዳ፣ ሕግና ተራ ከሌለ ባላጋራም መሆን አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ ለሰው ከሚሰጠው ክብር ትልቁ ከጎኑ መቆም ሳይሆን፣ ከፊቱ ቆሞ «ና!» ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በ2024 ኬንያን በተባባሪ አባልነት ተቀብሏል። አባልነቱ ሙሉ አይደለም፤ ከማስታወቂያ ፊልም ይልቅ ግን ወደ ማኅበሩ ጽዋ የቀረበ ነው። ስም በመዝገብ ላይ ሲገባ ተራ መጠየቅ ይቻላልና። ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ ቀደም ብለው በዚያ መዝገብ ላይ አሉ፤ ከቶሮንቶ ይልቅ በአቅም ለናይሮቢ የሚቀርቡት እነርሱ ናቸው።

ተራ የሚጠይቅ ግን ማስተናገጃ ሊኖረው ይገባል፤ የነገሩ አስቸጋሪ ወገን ይህ ነው። የፓናሪው በረዶ 60 ሜትር ርዝመት ካለው ዓለም አቀፍ ሜዳ በእጅጉ ያነሰ ነው። በቶሮንቶ የገጠማቸው ቡድን የመልስ ጨዋታውን ለማድረግ ናይሮቢ ቢመጣ፣ ሞምባሳ መንገድ ላይ ጥሩንባ እየሰማ ይሰለፋል፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትንፋሹን ይፈልጋል፣ ገና ሁለት ጊዜ ሳይገፋ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። የአንበሶቹ እግር ግን ያን ጠባብ በረዶ ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። እንግዶቹ ይሸነፉ ይሆናል።