ማን ልበል?

በአንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ አጥር ሥር ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። ውሃ ለጠማው ውሃ፣ ከሰል ላነሰው ከሰል የማትነፍግ፣ እጇ የተፈታ ሴት። ዓረብ አገር ያለች ልጇ ስልክ ስትልክላት የወር የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛች ለደንበኞቿ ሆትስፖት ማብራት ለመደች። ስልኩ ስለ ደኅንነቱ ሲጠይቃት «የለም» የሚለውን ነካች። «ቡና ጠጡ ብዬ የጠራሁትን ሰው እንዴት በር እዘጋበታለሁ?» አለች።

የወሩ ጥቅል በአምስተኛው ቀን አለቀ። በዚህ አልተከፋችም። ያስከፋት በማግስቱ የሆነው ነው። ከመንገዱ ማዶ ሞባይል የሚጠግን ወጣት፣ ደንበኛዋ የሆነችን ተማሪ አስፈቅዶ፣ ልጅቱ በሴትየዋ ሆትስፖት አንድ የምዝገባ ቅጽ ስትሞላ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ መጥቶ አሳያት። የልጅቱ ስም፣ የልደት ቀኗ፣ የአባቷ ስልክ ቁጥር ሁሉም ተዘርዝሯል።

«ባንኩም ቴሌግራሙም የራሳቸው መሸፈኛ አላቸው፣ እትዬ። ይህ ድረ ገጽ ግን የለውም፤ የእርስዎም ሆትስፖት ክፍት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአየር ላይ ራቁቱን ያልፋል።»

ጀበናውን ከእሳት አወረደችው። «እንግዳዬን ጋብዤ አደባባይ አስጥቻታለሁ ማለት ነው?»

እኔ ይህችን ሴት የማከብራት ከጥቅሏ ይልቅ ለእንግዳዋ ስለደነገጠች ነው። በአገራችን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ያለ ሰው ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። በዚህ ጥያቄ ተቀይሞ የተመለሰ እንግዳ አላውቅም። ጥያቄው ከቤት ውስጥ ያሉትንም ያከብራል።

ሴትየዋ በዚያው ሰዓት ከስልኩ የደኅንነት ምርጫዎች ደብሊውፒኤ2 የሚለውን መረጠች፤ ሰው እንዳይቸገር ብላ ስልክ ቁጥሯን ፓስወርድ አደረገችው። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን የሚያስረዳበት ቃል አጠረው። ይህን ጊዜ ከጎኗ በጃንጥላ ሥር የሚሠሩት ሽማግሌ ቁልፍ ቀራጭ ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ። ብልህ ሌባ በርሽ ላይ ቆሞ መቶ ቁልፍ አይሞክርም፤ ውሻው ይጮህበታል፣ ጎረቤት ያየዋል። ቁልፉ ከኪስ እስኪወጣ ያደባና ሳሙና ላይ ይጫነዋል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ይሞርዳል። ሳሙናውን አንዴ ከያዘ ጊዜው የእሱ ነው። እኔ ዘንድ ሳሙና ይዘው የመጡ ነበሩ። መልሻቸዋለሁ።»

«አባባ ልክ ብለዋል» አለ ወጣቱ። «አንድ ስልክ ከሆትስፖቱ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሌላው ከአየር ላይ ይቀዳዋል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ፓስወርዱን ይገምታል። የስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ 09 ብሎ መጀመሩን ማን ያጣዋል? የሚቀረው 100 ሚሊዮን ግምት ነው። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው።»

«ሳሙና የማይዘው ቁልፍስ የለም?» አለች።

አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 እንደዚያ ነው፤ ገማቹ እያንዳንዱን ግምት በሩ ላይ ቆሞ ማንኳኳት ይኖርበታል። እሱን መረጠች። የተማሪዎቹ ስልኮች አንድ በአንድ ገቡ። የሽማግሌው አሮጌ ስልክ ግን ዞረ፣ ዞረ፣ እምቢ አለ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሩቅ ያለ የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በእሱ ነበር።

«እኔን ተዪኝ ልጄ» አሉ፤ ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት። «በሩ ይጠንክር።»

«አባባ፣ እርስዎን ውጭ ያሳደረ በር ለእኔ ምኔ ነው?»

ወጣቱ ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘውን ምርጫ አሳያት። አዲሶቹ ስልኮች በአዲሱ ቁልፍ፣ አሮጌው በአሮጌው ይገባሉ። በአሮጌው በኩል ግን ሳሙናው ዛሬም ይሠራል። መከላከያው የሌባውን ሞረድ የሚያደክም ረጅም ፓስወርድ ብቻ ነው፤ ስልኩም እስከ 63 ፊደል ይቀበላል።

ሌሊቱን አሰበችበት። ተረት አልመረጠችም፣ ጥቅስም አልመረጠችም፤ ያንን ሌላውም ያውቀዋል። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ስድስት ቃላት አጋጠመች። ግድግዳ ላይ አልጻፈቻቸውም፤ በጆሮ ነገረች።

በማግስቱ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው በላቲን ፊደል አንድ በአንድ መንካት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ የልጅ ልጃቸው ሳቅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ።

በዚህ መሐል ሻንጣ ያነገተ መንገደኛ ከአጥሩ ዘንድ ቆመ።

«እናቴ፣ ዋይፋይ አለ አሉኝ። ፓስወርዱ ምንድን ነው?»

ዱካውን በእጇ ጠረግ አድርጋ አቀረበችለት።

«ቁጭ በል ልጄ፤ ቡናው ደርሷል። ማን ልበል?»