መጨረሻ የሚናገር ሰብሳቢ

ቅዳሴ አብቅቶ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲበተኑ በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ሌላ ሥራ ይጀመራል። ሙዳየ ምጽዋቱ ተከፍቶ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። የተጨማደደ አሥር ብር፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የከረመ አምስት ብር፣ ሰም የነካው መቶ ብር፣ አንዳንዴም የስለት ቀለበት ይወጣል። ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ብሩን በየዓይነቱ ይለያሉ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ያንኑ መልሶ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይመዘግባል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይፈርማሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቄስ፣ አንዱ ጡረተኛ፣ አንዷ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ያንኑ ብር ሁለት ጊዜ መቁጠር አለመተማመን ነው ወይስ መዋደድ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሰበካ ጉባኤ የሚፈርሰው ግን በዚህ ላይ ነው። «እኛ የምንሠራው በፍቅር ነው፤ ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ ምን ያደርጋል?» የሚል አነጋገር በየስብሰባው ይሰማል። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ቅን ሰው ነው። ፍቅር የልብ ነገር፣ ሥርዓት ደግሞ የወረቀት ነገር ሆኖ ስለሚታየው ሁለቱን ባላንጣ ያደርጋቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን እንዲህ አላሰበም። ለኢየሩሳሌም ችግረኞች ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የተዋጣው ገንዘብ ሲላክ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አድርጓል። ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ሳይሸሽግ ይናገራል፤ በስጦታው ማንም ነቀፋ እንዳያገኝ፣ ሥራው በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የቀና እንዲሆን ነው። ሐዋርያው ምስክር የጨመረው ቲቶን ስላላመነው አይደለም። ነገ ሐሜት ቢነሳ ቲቶ ብቻውን እንዳይቆም ነው። ደረሰኝም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘብ ያዡ በሌለበት ስለ እርሱ የሚመሰክር ወረቀት ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት የዘረጋው «ቃለ ዓዋዲ» የተባለው ደንብ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣ ነው። ዓዋዲ ማለት አዋጅ ነጋሪ፣ ጮኾ የሚያሰማ ማለት ነው። ደንቡ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ በሰብሳቢነት አስቀምጦ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመረጡ አባላትን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያገናኛል። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበት የመሬት ገቢ በአንድ ቀን ቀረ። ካህኑ ከመሬቱ ይልቅ ጎረቤቱ በሚያዋጣው ብር የሚኖር ሆነ። ምእመኑም እስከዚያ ቀን ተሳላሚ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የቤቱ ኃላፊም ሆነ። ያ የጋራ ጠረጴዛ ከመሬቱ መወሰድ በፊት ተዘርግቶ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ፓትርያርኩ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አፅማቸው በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከርሳቸው በኋላ የቆየው ሥርዓት በየአጥቢያው እስከ ዛሬ ይሰበሰባል።

በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ግን እኩል አይናገሩም። መሪጌታው ቅኔ ሲቆጥሩ ያደጉ ናቸው፤ የሒሳብ ባለሙያው ኤክሴል ያውቃል፤ ወጣቷ ደግሞ ሁለቱንም «አባቶቼ» ብላ አንገቷን ትደፋለች። አስተዳዳሪው አስቀድመው «እኔ እንደሚመስለኝ» ካሉ ስብሰባው እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ «አባታችን እንዳሉት» የሚል ማጀቢያ ነው። ወጣቷ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ የምታውቀው ነገር አብሯት ወደ ቤቷ ይሄዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሩቅ አይመጣም። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው በንጉሡ ሸንጎ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ነበር፤ የንጉሡ ቃል በመጨረሻ ቃለ ሐፄ በሚባለው ባለሥልጣን በኩል ይሰማል። ታናሹ ቀድሞ የሚናገረው ለክብሩ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ታናሹ እውነቱን ለመናገር ድፍረት እንደማያገኝ የጥንት ሰዎች ስላወቁ ነው።

የአዲስ አበባዋ ኮልፌ ደግሞ ይህን ልማድ በሌላ አገር ያየ እንግዳ አስተናግዳለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ስለ መሪነት የተማረውን ሲናገር የሚያነሳው ግን ወታደሩን ሳይሆን ያሳደጉትን የቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ ጆንጊንታባን ነው። እንደራሴው በሸንጎው የመጣው ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ፣ በራሳቸው ላይ የሚሰነዘረውን ወቀሳ እንኳ ሳይመልሱ ይሰሙና መጨረሻ ላይ የተባለውን ሁሉ አሰባስበው ይናገሩ ነበር። ማንዴላ በዚያ ሸንጎ ሴቶች ድምፅ እንዳልነበራቸውም አልደበቀም። የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ ከዚህ ታሪክ ሁለቱንም ቢወስድ ይጠቅመዋል፦ ዝምታውንም፣ በዝምታው ውስጥ ማን እንደጎደለ መጠየቁንም።

ማን ጎደለ የሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የአስተዳደር ችግር ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርከው በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ በዕለት ምግብ እደላ መበለቶቻቸው ስለተዘነጉ አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ማጉረምረሙን ዐመፅ ብለው አልፈረጁትም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ ነገሩት። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው፤ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነው። የተዘነጉት መበለቶች ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም ማለት ነው። ፍቅር በዚያ ስብሰባ ላይ የታየው በስሜት ሳይሆን በውሳኔ ነው። ቅር የተሰኘው ወገን የእደላው ኃላፊ ተደረገ።

ማን ጎደለ የሚለው ጥያቄ ወደ ኮልፌም ይመልሰናል። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ግማሽ ስሙን የወሰደው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም በየቀኑ በታክሲ ረዳት አፍ ይጠራል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ አለ። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማእከሉ አለርት በ1958 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊትም በስፍራው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ለሕክምና ከየአገሩ የመጡ ብዙዎች ወደ መጡበት መመለስ አልቻሉም፤ እዚያው አካባቢ ቤት ሠርተው ወልደው ኖሩ። በዚህ ሰፈር ያለ የሰበካ ጉባኤ የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ አጥሩና ደወሉ ከመጠራታቸው በፊት ጣቶቿን ያጣችው እናት ደጀ ሰላሙ ላይ የት እንደምትቀመጥ መጠየቅ አለበት። ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት ይኑር አይኑር የሚለው አጀንዳ ከሕንፃ ምርቃት አያንስም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን ሰብሳቢው መጀመሪያ በሚናገርበት ስብሰባ አይነሳም፤ የሚያውቁት ዝም ያሉት ናቸውና።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል። ገንዘብ ሲጎድል «የቤተ ክርስቲያን ገመና አይውጣ» ይባላል። የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ወደ ኋላ ሄደው መሸፈናቸው እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ነገር ግን የኖኅ ስካር የጎዳው ራሱን ነበር። የጎደለው ብር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የመጣው የአንዲት መበለት ብር ነው። ስለዚህ ያንን መሸፈን ገመና መሸፈን ሳይሆን እርሷን ሁለተኛ መዝረፍ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 18 መንገዱን አስቀምጦታል፦ አስቀድሞ ብቻውን መምከር፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ፣ ያም ካልሆነ ለጉባኤ መንገር። የመጀመሪያው እርምጃ የወንድምን ክብር ይጠብቃል፤ የመጨረሻው የመበለቷን። በፍቅር የሚመራ ሰብሳቢ ሁለቱንም ይራመዳል። ብዙዎች ከመጀመሪያው ላይ ይቆማሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ቸኩለው ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ሁለቱም ጉባኤውን ይጎዱታል።

ይህ ሁሉ በሰብሳቢው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። የሰበካ ጉባኤ አባላት በየሦስት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ የምርጫው ማስታወቂያም ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ጫማውን ፍለጋ በሚጣደፍበት ሰዓት ይነበባል። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዓዋዲው ሲጮኽ ጫማዎን ይያዙና ትንሽ ይቆዩ፤ ማን እንደተጠቆመ ይስሙ፤ ያልተጠራም ካለ እጅዎን አውጥተው ስሙን ይጥሩ።