የምንጎበኘው የማንን ቤት ነው?

ከነገሌ ቦረናም ሆነ ከሌላ አገር ሐረር የሚደርስ ወጣት በጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኘውን «የራምቦ ቤት» ሳያይ መመለስ አይወድም። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት የሆኑ ያማረ ፎቅ ነው። ነገር ግን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ላይ ሞቷል፤ ዛሬ የሚታየውን ፎቅ ያሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። በቦታው ቀድሞ በነበረ ቤት ውስጥ ኖሯል የሚሉ አሉ።

ታዲያ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ላልኖረበት ቤት የሚሰጥ አክብሮት ከንቱ ነውን?

«የምናከብረው ግጥሙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም» የሚል ይኖራል። ይህ መልስ ለሐረር አይሆንም። ራምቦ በ1880 በ26 ዓመቱ ሐረር ሲገባ ግጥም መጻፍ ትቶ ነበርና። ከተማይቱ ያወቀችው ቡናና ቆዳ የሚገዛውን፣ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ያመጣውን ነጋዴ ነው። በ1884 ፓሪስ ላይ ስለ ኦጋዴን ያሳተመው ጽሑፍ እንኳ ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ ተጉዞ ባመጣው ወሬ ላይ የቆመ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለዝነኛው የሰጠነውን ክብር ከማን ላይ እንደወሰድነው ነው። ነጋዴው ገንዘቡን አፍስሶ ያሠራው ቤት በሌላ ሰው ስም ይጠራል። ራምቦ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ስሙን ያነሳው የነበረ ጃሚ የተባለ አገልጋይ ነበረው፤ የጃሚ ቤት የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ግን አልሰማሁም። እግሩ ታሞ መራመድ ሲያቅተው በቃሬዛ እስከ ዘይላ ያደረሱት 16 ሸካሞችስ?

ከተማይቱ ከእንግዳ ጥቅም ታገኛለች፤ ይህን አልነቅፍም። እውነቱ በሩ ላይ በጉልህ ቢጻፍ ግን እንግዳው የሚቀር አይመስለኝም። እንዲያውም ሁለት ታሪክ ሰምቶ ይሄዳል።

በእኛ በኩል፣ በዱብሉቅ አካባቢ፣ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ይቀባበላሉ። ዘፈኑን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም። ጉድጓዱ ግን ኮንፊ የሚባል ባለአደራ አለው፤ አደራው የሚወርደው መጀመሪያ በቆፈረው ሰው ዘር ነው። ከብቱን ይዞ ከሩቅ የመጣ እንግዳም ውሃ ሲሻ የሚጠይቀው እሱን ነው።